መልስ፦ ቃላቱን ያውቃሉ፣ የጀርመንኛው ዓረፍተ ነገር ግን ይጠፋባቸዋል

«የጎንደር ተማሪዎቼ በጀርመንኛ የጻፈውን የደራሲ ካፍካን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ መሃል ላይ ይጠፋሉ» ብለዋል። በእንግሊዝኛ በኩል አይዙሩ፤ በቀጥታ ወደ አማርኛ ይውሰዷቸው። የሚጠፉት ግሱን እንደ እንግሊዝኛው መጀመሪያ አካባቢ ስለሚፈልጉት ነው። በጀርመንኛ ጥገኛ ሐረግ (ለብቻው መቆም በማይችለው ሐረግ) ውስጥ ግሱ የሚቀመጠው እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰሌዳው ላይ ይህን ይጻፉላቸው፦ «ቫይል ኢሽ ጌስተርን ኢን አዘዞ ቫር»። ከሥሩ ደግሞ፦ «እኔ ትናንት አዘዞ ስለነበርሁ»። «ቫር» ማለት «ነበርሁ» ነው፤ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ናቸው። ልዩነቱ «ቫይል» ከፊት ለብቻው መቆሙ፣ የእኛ «ስለ» ግን ከግሱ ጋር መጣበቁ ነው። የእኔ ክፍል ይህን ሲያይ ሳቀ፤ ያስፈራቸው የነበረው ነገር የቤታቸው ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ጽሑፉን ሲያነቡ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ተማሪዎቹ «ቫይል» ወይም «ቬን» («ከሆነ» ወይም «ሲሆን» እንደማለት) ባዩ ቁጥር ያስምሩበት።
2. ወደ ሐረጉ መጨረሻ ዘልለው ግሱን ያክብቡ። ብዙውን ጊዜ ከነጠላ ሰረዝ ወይም ከነጥብ በፊት ያገኙታል።
3. መሃሉን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የእኔ ተማሪዎች ዘዴውን ከመውደዳቸው የተነሳ ግሱን በየዓረፍተ ነገሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ መወርወር ጀመሩ፤ አንድ ወር ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ከረምሁ። በዋናው ዓረፍተ ነገር ግሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው፦ «ጌስተርን ቫር ኢሽ ኢን አዘዞ»። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ያሳዩዋቸው።