የአከርካሪ ሐኪም መሆን ለምትፈልገው የሞጣ ተማሪ

እታለም፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። 12ኛ ክፍል ነሽ፣ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ሆነሽ ማስተማርም ትፈልጊያለሽ፤ አጎትሽ ደግሞ «ሽበት እስክታወጪ ልትማሪ ነው?» እያሉ ተስፋ ያስቆርጡሻል። ሐሳቡ የመጣልሽ የታናሽ ወንድምሽ ጀርባ እየጎበጠ ስላስጨነቀሽ ነው።

ከወንድምሽ እንጀምር። እሱ አንቺ እስክትመረቂ አይጠብቅም። የተጣመመ አከርካሪ ልጁ ባደገ ቁጥር ሊብስ ይችላል፤ አንዳንዴም መነሻው የአጥንት ቲቢ ነው፣ ይሄ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። እባካችሁ ወጌሻ አይሸው። ሞጣ ሆስፒታል አሳዩትና ሪፈር አጽፋችሁ ባሕር ዳር ውሰዱት፣ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል።

አሁን ወዳንቺ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ «አከርካሪ» የሚባል ምርጫ የለም። ፍሬሽማን፣ ከዚያ ሕክምና፣ ኢንተርንነት (ሆስፒታል ውስጥ የተግባር ሥልጠና)፣ ጠቅላላ ሐኪም። ስፔሻላይዝ ስታደርጊ ሁለት በር አለ፤ ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ሕክምና) ወይም ኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና)። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሰርጀሪ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በኖርዌይ በርገን እርዳታ የተጀመረ ሲሆን 5 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ነው የአከርካሪ ፌሎሺፕ፣ ማለትም በአከርካሪ ላይ ብቻ የሚያተኩር ተጨማሪ ሥልጠና። ሲደመር ከ12 ዓመት ያልፋል። አጎትሽ ስለ ርዝመቱ ልክ ናቸው፣ ግን ጠቅላላ ሐኪም ከሆንሽ በኋላ እየሠራሽ ነው የምትማሪው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ እሱን አልደብቅሽም።

የዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄን መንገድ እዪ። ጋና ኩማሲ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ሄደ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ታዋቂ የአጥንት ሆስፒታል የአከርካሪ መጣመም ክፍል ኃላፊ እስከመሆን ደረሰ። እዚያው ምቾቱ ላይ መቅረት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ፎኮስ የተባለውን የአጥንትና የአከርካሪ ሕክምና ድርጅት አቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የጋና ዋና ከተማ አክራ ላይ የድርጅቱ ሆስፒታል ተከፈተ። አዲስ አበባ የሚሠራው ዶክተር ሪክ ሆደስ የላካቸው ብዙ የኛ ልጆች ቀና ብለው የተመለሱት ከዚያ ነው። ጉብጠቱ የከፋ ልጅ ወዲያው አይቀደድም፤ የራስ ቅሉ ላይ የብረት ቀለበት ይታሰርለትና በገመድ ክብደት እየሳበው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እየተጫወተ፣ አከርካሪው ቀስ በቀስ እስኪለጠጥ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ከዚያ ረጅም ቀዶ ጥገና ይመጣል፣ ህብለ ሰረሰር ከተነካ የልጁ እግሮች ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሄን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ነርሱ፣ ሰመመን ሰጪው፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ወጣቱ ሐኪም ሁሉም መሠልጠን አለባቸው። ለኔ የሰውዬው ትልቁ ሥራ ሰው ማሠልጠኑ ነው፤ ስለዚህ ማስተማር የሚለውን ሐሳብሽን እንደ ትርፍ ነገር አትዪው።

ማስተማርን ዛሬ መጀመር ትችያለሽ። ለ10ኛ ክፍል ልጆች ባዮሎጂ አስጠኚ፣ ያልገባው ልጅ የት ጋር እንደጠፋበት ማየት ልመጂ። ፊዚክስሽንም አትናቂ፣ አጥንት ሕክምና ውስጥ ኃይልና ሚዛን በየቀኑ አለ። ውጤት ሲመጣ ምርጫ ከመሙላትሽ በፊት ጻፊልኝ።