ፌስታሉን ማን ይከልክል? ለጅማ ልጆች

ልጆች፣ እኔ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በፅዳትና በደንብ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ጅማ የራሷን የፌስታልና የማሸጊያ ደንብ ታውጣ ወይስ የፌዴራሉ ይበቃል እያላችሁ ስትከራከሩ ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ የፌዴራሉን አዋጅ አንብቡ። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ ግን ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ማን ውፍረት ይለካል? ይሄ ፋብሪካ በርና ጉምሩክ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ፋብሪካውም ጉምሩኩም ደግሞ በከተማችን እጅ አይደሉም፣ ስለዚህ ፌስታሉ በአይሱዙ እየተጫነ መምጣቱን ቀጠለ። በ2017 ፓርላማው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አፀደቀ፣ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ቦዩን ደፍኖ አዌቱ ወንዝ የሚገባው ፌስታል ግን የኛው ነው፣ እሱን አዲስ አበባ ሆኖ የሚቆጣጠር የለም።

እና የኔ ሐሳብ ፌዴራሉ ዝቅተኛውን ደንብ ይወስን፣ ከተማው ከዛ በላይ ልሂድ ካለ አይከልከል ነው። አሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሆነውን እዩ (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩት)፣ እዛ ሕዝቡ በ1976 ድምፅ ሰጥቶ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስና ጣሳ ላይ 10 ሳንቲም መያዣ አስደንግጓል፣ ባዶውን ስትመልስ ሳንቲምህን ትወስዳለህ። 2016 ላይ ዋሽተናው የሚባል አንድ አውራጃ በፌስታልም ላይ 10 ሳንቲም ላስከፍል ብሎ ሲወስን ግን ያው ግዛት ገና ሥራ ሳይጀምር በዛው ዓመት ሕግ አውጥቶ አስቆመው፣ ምክንያታቸው ነጋዴው በየከተማው የተለያየ ደንብ አይችልም የሚል ነው። ካሊፎርኒያ ተቃራኒው ነው፣ ሳን ፍራንሲስኮ በ2007 ቀድማ ከለከለች፣ ሌሎች ከተሞች ተከተሉ፣ ግዛቱ በ2014 ሕግ አደረገው። የነጋዴው አቤቱታ ውሸት ነው አልልም (ሱቅ ያለው ሰው ይገባዋል)፣ ግን መልሱ ከተማን ማሰር አይመስለኝም።

ደግሞ ክልከላ ብቻ አታስቡ። የቢራ ጠርሙስ መንገድ ላይ ወድቆ አታዩም፣ ባዶውን ካልመለስክ መያዣ ትከፍላለህ። ሃይላንዱንም ቢያንስ የሚለቅመው አለ፣ ይሸጣላ። ፌስታልን ግን ቆራሌውም አይነካው።

ምክር ቤት ስትሄዱ እንግዲህ መፈክር ሳይሆን ረቂቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅጣቱን የትኛው ቢሮ ይሰበስባል፣ ገንዘቡስ የት ይገባል፣ ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናትስ በምን ትቋጥር፣ ዘንቢልና የወረቀት ከረጢት በስንት ታገኛለች፣ ይሄን ሳትፅፉ ፊርማ ማሰባሰብ አትጀምሩ።