መልስ፦ ፑልማንን የገደለው የ1894ቱ አድማ ነው?
«ፑልማንን የገደለው የ1894ቱ አድማ ነው» ብለህ በቺካጎ ስላለው የፑልማን የሠራተኞች ሰፈር የምትጽፈውን ጽሑፍ መዝጋት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። አትዝጋው። በአድማው ያበቃው የኩባንያው አከራይነት እንጂ ሰፈሩ አይደለም። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።)

ጆርጅ ፑልማን የባቡር ፉርጎ ፋብሪካውንና የሠራተኞቹን ቤቶች ከ1880 ጀምሮ ከቺካጎ በስተደቡብ ሠራ፤ ቀጣሪውም አከራዩም እሱ ሆነ። የ1893ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ደመወዝ ቀነሰ፣ የቤት ኪራዩን ግን አልነካም፣ ታዲያ ሰዉ ምን ይብላ? አድማው የፈነዳው ከዚህ ነው። በ1898 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ቤቶቹን እንዲሸጥ አዘዘ።

ዋናው ማሽቆልቆል የመጣው ቆይቶ፣ መንገደኛው ወደ መኪናና አውሮፕላን ሲዞር ነው። የፉርጎ ሥራው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቆመ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ ስጽፍ ማንሰራራቱን ከ2015 ጀመርኩት፣ ኦባማ ቦታውን ብሔራዊ ቅርስ ብለው ካወጁበት። ስህተት ነበር። በ1960 ሰፈሩ ፈርሶ የኢንዱስትሪ ቦታ ይሁን ሲባል ነዋሪዎቹ ተደራጅተው እምቢ ባይሉ ኖሮ በኋላ በቅርስነት የሚጠበቅ ቤት አይኖርም ነበር። ከነሱ ጀምር።