መንገድ ዳር የሚጫወት ሰው ስታገኙ

የጎረቤታችን ልጅ ለትምህርት ውጭ ልትሄድ ነው። ቡና ላይ ቁጭ ብለን «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ቆመው የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ካጋጠሙኝ ገንዘብ ልስጥ ወይስ ዝም ብዬ ልለፍ?» አለችኝ። «ስጪ» አልኳትና ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። የተማርኩት ሞስኮ ነው፣ በጎርባቾቭ ዘመን። ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ሻንጣ፣ ስለ ጥናት አልመክራችሁም። ጉግል አለላችሁ።

ሞስኮ ውስጥ አርባት የሚባል አሮጌ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ለእግረኛ ብቻ ተለቀቀ። የሩሲያው ባለቅኔ ፑሽኪን በ1831 ከሙሽራው ጋር የኖረበት ቤትም እዚያው ነው። ሰዓሊው፣ ግጥም አንባቢው፣ ጊታር ያነገተው ሁሉ እዚያ ይወጣል። ሚሊሺያው፣ ፖሊሳቸው ማለት ነው፣ አንዳንዴ ይበትናቸዋል፤ ጥጉን ዞረው ተመልሰው ይቆማሉ። «ከየት ናችሁ?» ሲሉን «ከኢትዮጵያ» እንላለን። «አሃ፣ የፑሽኪን አገር!» ቅድመ አያቱ ከኢትዮጵያ ነው የሚባለው ነገር ሊቃውንቱን እስካሁን ያከራክራል። እኛ ግን እንዲህ ያለ ምስጋና ሲመጣ አንከራከርም ነበር።

ከእኛ መሃል አንድ የጎንደር አካባቢ ልጅ ነበር። ሒሳብ ላይ እሳት ነው፣ አፉ ግን አይፈታም። ስለ ቤተሰቡ ሲነሳ ውሃ ሊጠጣ ይነሳል። አንድ የመከር ምሽት ከቫክታንጎቭ ቲያትር ፊት ለፊት አንድ ወጣት ቫዮሊኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እጁን በትንፋሹ ያሞቃል። ጓደኛችን ጠጋ አለና በተሰባበረ ሩሲያኛ «ትሰጠኛለህ?» አለው። ልጁ ሳቀና ሰጠው።

ቫዮሊኑን አንገቱ ሥር አላደረገውም። አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ አቆመው። ከአራቱ ክር አንዱን ብቻ መረጠ። በጣቱም ክሩን እንጨቱ ላይ አልተጫነውም፤ እንደ ማሲንቆ በጎን ነካ ነካ ያደርገዋል። መጀመሪያ ተንጫጫ። ቀስ እያለ ገራለት። አንቺ ሆዬ ነበር። እኔ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲዞር ተሰማኝ። ሰው መቆም ጀመረ። የመረብ ዘንቢል ያንጠለጠለች አሮጊት ድንቿን መሬት አስቀምጣ ቆመች። የቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ ኮፔክ ተንጠባጠበ፣ ቀጥሎ የወረቀት ሩብል።

ያኔ ከትልልቆቻችን አንዱ ነው፣ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ፦ «አዝማሪ ነህ እንዴ? ፈረንጅ ፊት ታስለምነናለህ?»

ዛሬ ለእናንተ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ያኔ «አዝማሪ» ስድብ ነው። ሠርግህን ያደምቅልሃል፣ ልጅህን ግን አትድርለትም። ጓደኛችን እጁ ቆመ። ቫዮሊኑን መለሰ፣ ልጁን አመሰገነ፣ ገንዘቡን እዚያው ተወለት። እኔ ክንዱ ሥር ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሜትሮ ውስጥ ስለ ፈተና አወራሁለት! ከዚያ በኋላ መሣሪያ ሲነካ አላየሁትም። አባቱ ማሲንቆ ይዞ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ሰው እንደነበር የሰማሁት አገር ቤት ከገባን በኋላ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው።

የሚገርመው እኛ ቤት ላሊበሎች ሲመጡ እናቴ ቀድማ የምትነሳ ሰው ነበረች። ገና ሳይነጋ ባልና ሚስት ደጅ ቆመው ይጀምራሉ። የአባቴን ስም ከጎረቤት ጠይቀው መጥተው በዜማ ያሞግሱታል። ካልዘፈኑ ቁምጥና ይይዛቸዋል ይባል ነበር። እናቴ እህሉን ሰፍራ ምርቃቱን ሙሉውን ሳትሰማ በሩን አትዘጋም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

እናንተ ደግሞ ጆሯችሁን በኢርፎን ደፍናችሁ ነው የምታልፉት። የቆመም ካለ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽና ግማሹ ላይ ይሄዳል። ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ። ግን ምን ልበላችሁ፣ ያን ምሽት አርባት ላይ አንድ የሚቀርጽ ባለጌ በኖረ እላለሁ።

ሙዚቀኛውን ለማኝ ነው ብላችሁ አትለፉ። ፓሪስ ሜትሮ ጣቢያዎች ውስጥ የሚጫወቱት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ዳኛ ፊት ተጫውተው ፈቃድ የሚያወጡ ናቸው። ለንደን ምድር ባቡር ውስጥም የሚቆሙበት ቦታ ወለሉ ላይ ተሠምሮላቸዋል። ቁሙ፣ አንዱን ዘፈን ጨርሱ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሳንቲም አይጥፋ። አብሯችሁ ያለው ልጅ ልጫወት ካለ ደግሞ ይጫወት። የሚሰድበው ከመጣ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

እስክትሄዱ ድረስ እዚሁ ጎንደር ተለማመዱ። አዝማሪ ቤት ግቡ፣ አንድ ሁለት ስንኝ ይዛችሁ። «ተቀበል!» ብሎ ባዶ አፍ ማሳየት ያሳፍራል። አዝማሪው ወደ ጠረጴዛችሁ ሲጠጋ ድንገት ስልክ የሚደወልላችሁን ልጆችም አውቃችኋለሁ። እሱም ያውቃችኋል፤ ቀጣዩ ግጥም በእናንተ ላይ ነው።