የጎረሰውን ሁሉ ይተኩሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሪቮልቨር (ጥይት መያዣው የሚሽከረከር ሽጉጥ) መመሪያ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ «ይህ ሽጉጥ 357 ማግነምም 38 ስፔሻልም ይጎርሳል» ብዬ ጻፍኩ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያሉት አጎቴ አይተውት «የጎረሰውን ሁሉ ይተኩሳል ያለህ ማነው?» አሉኝ። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አጎትዎ እውነታቸውን ነው። «ጎረሰ» የሚለው ጥይቱ መግባቱን ብቻ ነው። ሲተኮስ ብረቱ ይቻለው አይቻለው አይነግረንም። መንዝ ውስጥ «የምንሽር ጥይት»፣ «የክላሽ ጥይት» ሲባል ችግር የለም፤ ጥይቱ የሚጠራው በመሣሪያው ነው። ሪቮልቨር ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

የሁለቱ ጥይቶች እርሳስ፣ ማለትም ሲተኮስ የሚወጣው ክፍል፣ ውፍረቱ አንድ ነው፣ 9 ሚሊሜትር ገደማ። የሚለያዩት በቀለህ ነው፤ የማግነሙ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1935 ማግነሙ ሲወጣ እንዲህ የረዘመው ሆን ተብሎ ነው፤ ለ38 ስፔሻል በተሠራ ሽጉጥ እንዳይገባ። ግፊቱ እጥፍ ገደማ ነዋ! ስለዚህ የ357 ሽጉጥ 38 ስፔሻልን ያለ ችግር ይተኩሳል፤ የ38ቱ ግን ማግነም አይተኮስበትም።

አሁን ወደ አጎትዎ ነጥብ እንምጣ። 38 ሎንግ ኮልት ለሚባል ሌላ ጥይት ከተሠሩ የድሮ ሽጉጦች አንዳንዶቹ ጥይት የሚገባበት ቀዳዳቸው ከዳር እስከ ዳር እኩል የተቦረቦረ ነው። ጥይቱን የሚያግድ ጠበብ ያለ ቦታ የላቸውም። ማግነም ቢሰጧቸው ሳያቅማሙ ይጎርሱታል። ቢተኮስ ግን ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

እኔ ብሆን «ይህ ሽጉጥ የተሠራው ለ357 ማግነም ነው፤ 38 ስፔሻልም ይተኮስበታል» እላለሁ። «ጎረሰ»ን ለብዛት ያቆዩት፤ «ስድስት ጎራሽ» ግሩም አማርኛ ነው። «ጥይት»ንም ለሙሉው ይያዙት፤ የሚወጣው «እርሳስ»፣ የሚቀረው «ቀለህ» ይባል።

ደግሞ አደራ፣ «38 ሚሊ» እንዳይሉ። ቁጥሩ የኢንች መቶኛ ነው። አፈሙዙ 38 ሚሊሜትር ከሆነማ መድፍ እየተረጎሙ ነው። «38» ብቻ ብለውም አይተዉት፤ 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባል አጠር ወፈር ያለ ሌላ ጥይት አለ። «ስፔሻል»ንም «ልዩ» ብለው አይተርጉሙት። አንባቢው የጥይቱ ካርቶን ላይ ተጽፎ የሚያገኘው «ስፔሻል» የሚለውን ነው።