ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኪንዋ ከመርፌ ያድነኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ዕድሜዬ 54። ስኳር ካለብኝ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን እወስድ ነበር። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠለ የኢንሱሊን መርፌ እንጀምራለን» አለኝ። ልጄ ይህን ሲሰማ ከአሜሪካ ኪንዋ የሚባል እህል ላከልኝ፤ ለስኳር ፍቱን ነው አለኝ። እንጀራ ትቼ እሱን መብላት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነ። ኪኒኑንም ሆዴን ስለሚረብሸኝ አቆምኩት። ጎረቤቴ «ስኳሩን የሚያጠፋው መራራው ነው» ስላለችኝ፣ ኪንዋውን ያጠብኩበትን መራራ ውሃ ጠዋት ጠዋት እጠጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ስለካ ግን በባዶ ሆድ 287 ሆነብኝ። የኪንዋን ጥቅም ቢያብራሩልኝ? በቀንስ ስንት ጊዜ ልብላው?

መልስ፦ እናቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ኪንዋ ነው። ያስጨነቀዎት ግን መርፌው ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ኢንሱሊን የመጨረሻ ደረጃ አይደለም። «እገሌ መርፌ በጀመረ በዓመቱ ዓይኑ ጠፋ፣ እግሩ ተቆረጠ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። እኔም ይህን ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለኝም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አብዛኞቹ መርፌውን እየሸሹ ለዓመታት በ300 ስኳር የቆዩ ሰዎች ናቸው። ዓይናቸውን፣ ኩላሊታቸውንና እግራቸውን የጎዳው ያ ጊዜ ነው። መርፌው የደረሰው ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ተላከከ። ኢንሱሊን ቆሽታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ቆሽት ሲደክም የጎደለውን ከውጭ እንሞላለን፤ ይኸው ነው። ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ጨርሶ የማይሠራ ቆሽት ያለው ልጅ የመኖር ተስፋ አልነበረውም። መርፌውም ቀጭን ነው፤ ወባ ለመመርመር ጣትዎን ከሚወጉት ይልቅ ይቀላል።

ደግሞም እርስዎ መርፌ የግድ እንደሚያስፈልግዎ ገና አልታወቀም። 287 የመጣው ኪኒን ባልወሰዱበት ሁለት ወር ውስጥ ነው። ኪኒኑ አቅቶት ነው ማለት አንችልም፤ አልተወሰደማ።

አሁን ወደ ኪንዋው። ጥሩ ምግብ ነው። ልጅዎም ክፉ ነገር አላከልዎትም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የእነ ቦሊቪያና የእነ ፔሩ ተራራማ አካባቢ ነው። እንደ እህል ይበላል እንጂ የስንዴና የጤፍ ዘመድ አይደለም፤ ዘመዶቹ ቆስጣና ቀይ ሥር ናቸው። በ100 ግራም ጥሬው ውስጥ ወደ 14 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 7 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው። ማግኒዝየምም በደንብ አለው። ከነጭ ሩዝ ጋር ሲነጻጸር የደም ስኳርን ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው።

ግን ጤፍን ይዩት። በ100 ግራም ወደ 13 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 8 ግራም አሰር አለው። ብረቱ ከ7 ሚሊግራም ይበልጣል፤ የኪንዋ 4.6 ገደማ ነው። ካልሲየሙ 180 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን የኪንዋ ወደ 47 ነው። ታዲያ እንጀራውን ለምን ጣሉት? ባሕር ዳር ላይ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የፎገራ ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ ነው። ለስላሳ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አሰሩ ግን ይቀንሳል። ጤፉን ራስዎ አስፈጭተው ካስጋገሩ፣ ወይም ዳጉሳ ቀላቅለው ካስጋገሩ፣ ግማሽ እንጀራ ከብዙ ጎመንና ከምስር ጋር ይበቃዎታል። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ሲያምርዎትም ዘይቱን ቀንሰው ይብሉ።

ኪንዋም ቢሆን ስታርች ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ኪንዋ ወደ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዟል። እሱም ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር ይሆናል። «ፍቱን ነው» ተብሎ በቀን ሦስቴ በትልቅ ሳህን የተበላ ኪንዋ ስኳር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መራራው ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

መራራ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኮሶ መራራ ነው፣ ትል ያስወጣል። በጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ የወባ ኪኒን ምሬት ከምላሱ አይጠፋም፤ ያም ያድን ነበር። ስለዚህ ስኳር «ጣፋጭ በሽታ» ከሆነ መራራ ያጠፋዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በዚህ ሐሳብ እሬት የሚጠጡ፣ ግራዋ የሚጨምቁ፣ ሽፈራው በማንኪያ የሚቅሙ ሰዎች አይቻለሁ። ነገር ግን ኮሶ ትሉን የሚያስወጣው ስለመረረ አይደለም፤ ትሉን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ምሬት የምላስ ጉዳይ ነው። ደም ምላስ የለውም።

ቁጥሩን ደግሞ ልንገርዎ። አንድ ትልቅ ሰው ወደ አምስት ሊትር ደም አለው። ስኳሩ 100 ሲሆን፣ ማለትም በአንድ ዴሲሊትር ደም 100 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ደም ውስጥ ያለው ስኳር አምስት ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የእርስዎ 287 ደግሞ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ችግሩ ደሙ በመራራ የሚረታ ጣፋጭ መሆኑ አይደለም። ያ ስኳር ወደ ሥጋ እንዲገባ በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን ማነሱ ወይም አለመሥራቱ ነው። መራራ ስኳርን ቢያጠፋ ኖሮ ያለ ስኳር የዘጌን ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ይድን ነበር።

የኪንዋው ምሬት ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነው። ልባሱ ላይ ይቀመጣል፤ ተክሉ ራሱን ከወፍ የሚከላከልበት ነው። ሲታጠብ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። ባለአገሮቹ ራሳቸው አጥበው ይደፉታል። እርስዎ ግን የሚደፋውን ጠጡ! ያ ውሃ ሆድ ይረብሻል፣ ያቅለሸልሻል። አንዳንድ ሰው መራራ ጠጥቶ ስኳሩ ትንሽ ሲወርድ የሚያየው ምግብ ስለዘጋው ነው፤ ስላልበላ ወረደ እንጂ ስለዳነ አይደለም። ሆዴን ረበሸኝ ብለው ኪኒኑን አቁመው፣ ሆድ የሚረብሽ ውሃ በባዶ ሆድ መጠጣትዎ አሳዝኖኛል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ኪኒን በራስ ሥልጣን ማቆም ልክ አይደለም። ሜትፎርሚን ሆድ እንደሚረብሽ እናውቃለን። ምግብ መሃል ወይም ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ይቀላል፤ መጠኑን ቀንሶ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል፤ ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነትም አለ። ይህን ሁሉ ቀጠሮዎ ላይ ቢናገሩ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሁለት ወር አለፈ። 287ን ካዩም ሳምንት ሆነዎት፤ እስካሁን ምን ይጠብቃሉ? ልጅዎንም በስልክ አይቆጡት፤ እሱ እህል ላከ እንጂ ኪኒን አቁሚ አላለም።

ከባድ ጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ ሽንት፣ ያለምክንያት መክሳት ከጀመረዎት ወደ ሆስፒታል የሚሄዱበትን ቀን ያሳጥሩት። ማስመለስ፣ ትንፋሽ መፍጠን ወይም መደንዘዝና መፍዘዝ ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እስከዚያው ኪንዋውን አረፋው እስኪያልቅ ደጋግመው አጥበው፣ በእጥፍ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ቀቅለው፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በእንጀራ ፈንታ ይብሉት። በእንጀራ ላይ ጨምረው ግን አይደለም። እጥበቱን ይድፉት።

በዚህ ሳምንት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ክትትልዎ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። የሦስት ወር አማካይ ስኳርና የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ። በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ የሦስት ወሩ ደግሞ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ኪኒኑን በምን መጠን እንደሚመልሱት እዚያ ይነግሩዎታል፤ የቀሩበትን ለማካካስ ብለው ደርበው እንዳይውጡ። የተረፈውን ኪኒን ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ፤ የጠጡትን ውሃ ሳይቀር ሁሉንም ይንገሯቸው። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎት ጎረቤትዎን ይዘዋት ይሂዱ፤ የሐኪሙን መልስ እሷም ብትሰማው ጥሩ ነው።