መስኮቱን ከመንቀላችሁ በፊት

አንዲት ወጣት አርክቴክት ሰሞኑን ደውላ «ጋሼ፣ እዚሁ ለንደን የድሮ ቤት እድሳት ላይ ስራ አግኝቻለሁ። ግን መስኮት መለካት እንጂ ዲዛይን የለውም። ልተወው?» አለችኝ። የምመልስላትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

ጥያቄዋ ዛሬም የሚቆጨኝን ቤት አስታወሰኝ። ጀማሪ ሳለሁ የተላክሁበት ሳይት ነው፤ ምስራቅ ለንደን፣ የጆርጂያን ቤት። እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ በነገሡት አራት ጆርጆች ዘመን ከተሰሩት አንዱ። ፊቱ ልሙጥ ጡብ ነው፤ ጌጥ አይወድም። እንግዳ የሚቀበሉበት ፎቅ መስኮቱ ረጅም ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር መስኮቱ ያጥራል፤ ጣሪያው ስር ያደሩት አገልጋዮች ነበሩ። ማን የት እንደኖረ ከመንገድ ላይ ሆነህ ታውቃለህ።

መስኮቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ናቸው። አንዱን በሁለት ጣቴ ገፋ ሳደርገው ተነሳ። በጎንና በጎኑ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ የብረት ክብደት በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ በፑሊ፣ ማለትም በትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ ላይ፣ ያልፋል። ለንደን በ1666 ከተቃጠለች በኋላ እንጨት ያስፈራ ነበር። የ1709 ሕግ መስኮቱ ከግድግዳው ፊት 10 ሳንቲሜትር ያህል ገባ እንዲል አዘዘ። የ1774ቱ ደግሞ ሳጥኑን ራሱን ከጡቡ ጀርባ ደበቀው። ለሚያውቅበት ሰው መስኮት የቤት የልደት ወረቀት ነው።

አለቆቻችን ግን «ብርድ ያስገባል» ብለው በፕላስቲክ ሊቀይሩት ወሰኑ። አንድ ሽማግሌ አናጢ «ገመዱን ቀይሩት፣ ክፍተቱን ድፈኑት፣ ይበቃል» ቢል ማን ይስማው! በትንፋሽ የተሰራው ሞገድ ሞገድ የሚል መስታወት ቆሻሻ መኪና ላይ ተሰባበረ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ያለ ፈቃድ መንቀሉ ወንጀል ነበር። ሽማግሌውም ጡረታ ወጣ። እጁ የሚያውቀውን ማንም አልጻፈውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከመስታወቱ ይልቅ ይሄ ነው።

የዛሬ ልጆች ቤቱን ሳታዩ ስልክ ታወጣላችሁ። ይሄ አይዋጥልኝም። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ስልክ ቢኖረኝ የአናጢውን እጅ ቀኑን ሙሉ ስቀርጽ እውል ነበር።

ፖይንቲንጉን፣ በጡቦቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ ማለቴ ነው፣ በሲሚንቶ እንሙላው ካሉሽ እምቢ በይ። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነውና የጡቡ ፊት ይረግፋል።

ባዝ ከተማ ከሄድሽ ደግሞ ሐበሻ ሁሉ የሚጎበኘው የጃንሆይ መኖሪያ የነበረው ፌርፊልድ ላይ እንዳትቀሪ። እሱ ከጆርጆቹ በኋላ በመጣው የቪክቶሪያ ዘመን የተሰራ ቤት ነው። በጆርጆቹ ዘመን በግማሽ ክብ ተያይዘው ወደተሰሩት ቤቶች፣ ወደ ሮያል ክሬሰንት ዝለቂ። ከፊት 30 ቤት አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ከኋላ ዞረሽ እዪው፤ እያንዳንዱ ገዢ ከፊቱ ጀርባ ያለውን በራሱ አርክቴክት ስላሰራው አንዱ ካንዱ አይገጥምም። እኔ የኋላውን እወዳለሁ።

እና ስራውን ያዢው። ደሞዙ ላይ ግን ተከራከሪ።